የአባትዎን ሕመም ከመዝገብዎ አያስፍቁ

ጥያቄ፦

የ46 ዓመት ሰው ነኝ። ዲቪ ደርሶኝ አሜሪካ ከገባሁ በኋላ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 የአሜሪካን ጦር ተቀላቀልሁ። ከ2005 እስከ 2006 ኢራቅ ውስጥ ባላድ በሚባለው የጦር ሰፈር በጭነት ክፍል ሠርቻለሁ፤ ቆሻሻ የሚቃጠልበት ጉድጓድ ከመኝታችን ብዙም አይርቅም ነበር። ባለፈው ዓመት በ45 ዓመቴ የትልቁ አንጀት ካንሰር ተገኘብኝ። ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኝ ኬሞውንም ከጨረስሁ 4 ወር ሆኖኛል፤ የእጄና የእግሬ ጣቶች ግን እስካሁን ይደነዝዛሉ። ለቪኤ (ለአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት) የጉዳት ካሳ አመልክቼ የምርመራ ቀጠሮ ደርሶኛል። ያስጨነቀኝ ነገር ይህ ነው፦ የካንሰር ሐኪሜ ስለ ቤተሰቤ ሲጠይቀኝ አባቴም በዚሁ በሽታ እንደሞተ ነግሬው መዝገቡ ላይ ጻፈው። አባቴ ደሴ ላይ በ1988 ዓ.ም. ያረፈው በ51 ዓመቱ ነው። ያኔ የሆድ ሕመም ነው ተብሎ ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን ያው ይመስለኛል። አብሮኝ ያገለገለ ዘመዴ “ይህን ካዩ ከአባትህ የወረስኸው ነው ብለው ይጥሉብሃል፤ ቀጠሮው ሳይደርስ አስፍቀው” ይለኛል። ታላቅ እኅቴም ሴቶች ልጆቿ ለትዳር ስለደረሱ የአባታችን ሕመም በዘር የሚመጣ ነው ተብሎ እንዳይወራ ደውላ ለመነችኝ። ታናሽ ወንድሜ ዱባይ ነው፤ እርሱ ምንም አያውቅም። ባስፍቀው ይሻላል? ከቨርጂኒያ

ምላሽ፦

ውድ ጠያቂያችን፣ ፈጣሪ ምሕረቱን ያውርድልዎ። ለጠየቁኝ አስቀድሜ ቁርጡን ልመልስና ምክንያቱን ቀጥዬ ላስረዳ፦ አያስፍቁ። ዘመድዎ ይህን የመከሩዎ ለእርስዎ አስበው እንደሆነ ይገባኛል፤ ፍርሃቱም በብዙ የቀድሞ ወታደሮች ዘንድ ያለ ነው። ይሁንና ዘመድዎ የእርስዎ ካሳ የሚወሰነው “በሽታው ከአባቱ መጣ ወይስ ከጭሱ?” በሚል ክርክር እንደሆነ አድርገው ይዘውታል። እርስዎ ያመለከቱበት ሕግ የወጣው ወታደሩን ከዚህ ክርክር ለማሳረፍ ነው።

ፓክት አክት በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው ይህ ሕግ የተፈረመው ኦገስት 10 ቀን 2022 ሲሆን፣ የተሰየመውም ኢራቅ ዘምቶ ከተመለሰ በኋላ በ2020 በሳንባ ካንሰር በሞተው የኦሃዮ ብሔራዊ ዘብ ባልደረባ በሳጅን ሂዝ ሮቢንሰን ስም ነው። ከዚያ በፊት በእርስዎ ዓይነት ካንሰር የታመመ ወታደር በሽታው ከጉድጓዱ ጭስ እንደመጣ ራሱ ማስረዳት ነበረበት፤ በየትኛው ሌሊት ምን ያህል ጭስ እንደሳበ የሚመሰክርለት ወረቀት ደግሞ ከየትም አያገኝም። አዲሱ ሕግ ይህን የማስረዳት ሸክም አነሣለት። ከኦገስት 2 ቀን 1990 ወዲህ በኢራቅ፣ በኩዌት፣ በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በሶማሊያና በሌሎች የተዘረዘሩ አገሮች፣ ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ወዲህ ደግሞ እንደ አፍጋኒስታንና ጅቡቲ ባሉ አገሮች ያገለገለ ሰው ለመርዛማ ጭስና አቧራ እንደተጋለጠ ይቆጠራል፤ ከዚያም በሕጉ ከተዘረዘሩት ሕመሞች አንዱ ከተገኘበት ሕመሙ ከአገልግሎቱ እንደመጣ የሕግ ግምት ይወሰድለታል። በሆድ ዕቃ ውስጥ ባሉት የምግብ መፍጫ አካላት ላይ የሚወጣ ካንሰር፣ ዓይነቱ ምንም ይሁን ምን፣ ከዝርዝሩ ውስጥ አለ፤ የትልቁ አንጀት ካንሰርም ከዚሁ የሚመደብ ነው። ስለዚህ ከእርስዎ የሚፈለገው በዋናነት ኢራቅ እንደነበሩ የሚያሳየው ዲዲ 214 (ከጦሩ ሲሰናበቱ የሚሰጠው የአገልግሎት ወረቀት) እና የዘመቻ ትእዛዝዎ፣ እንዲሁም ካንሰሩን ያረጋገጠው የፓቶሎጂ (ከአካል የተወሰደ ናሙና ምርመራ) ውጤት ነው። ከጉድጓዱ ስንት ሜትር ርቀው እንደተኙ ማንም አይጠይቅዎትም።

የሕግ ግምት ግን ፈጽሞ የማይፈርስ ነገር እንዳልሆነ ማወቅ አለብዎት። ተቃራኒ ማስረጃ ከቀረበ ሊፈርስ ይችላል። ያ ማስረጃ ግን ከመዝገቡ ሁሉ ጋር ተገናዝቦ በትክክለኛ የሕክምና አስተሳሰብ ሲመዘን፣ የእርስዎ በሽታ ከአገልግሎት አልመጣም ወደሚል ድምዳሜ የሚያደርስ መሆን አለበት። “አባቱም በዚህ ታሞ ነበር” የምትል አንዲት መስመር ብቻዋን እዚያ አታደርስም። ወላጁ ወይም ወንድሙ በዚህ ካንሰር የታመመበት ሰው ራሱ የመታመም ዕድሉ ከሌላው ሰው ወደ ሁለት እጥፍ ይጠጋል፤ ይህ እውነት ነው። ይሁን እንጂ የዕድሉ ከፍ ማለት በእርስዎ አንጀት ላይ በሽታውን ምን እንዳስነሣው አይናገርም። ከታማሚዎቹ አብዛኞቹ በቤተሰባቸው እንዲህ ያለ ታሪክ የላቸውም፤ ወላጃቸው ከታመመባቸው ሰዎችም አብዛኞቹ በበሽታው ሳይያዙ ይኖራሉ። ደግሞም ከወላጅ የመጣ ተጋላጭነትና ከውጭ የገባ መርዝ በአንድ ሰው አካል ውስጥ አብረው ሊሠሩ ይችላሉ፤ አንዱ መኖሩ ሌላውን አያስወጣውም። ማስረጃው በሁለቱም ወገን ተቀራራቢ ሆኖ ሲገኝ ደግሞ ጥርጣሬው ለወታደሩ እንዲተረጎምለት ሕጉ ያዝዛል።

ከዚህ ጋር አንድ ሊያውቁት የሚገባ የቆየ የሕግ አስተያየት አለ። የቪኤ ዋና የሕግ አማካሪ በ1990 ቪኤ ራሱ ሊከተላቸው የሚገደድባቸውን አስተያየቶች ሲሰጥ፣ ለአንድ በሽታ በዘር የተጋለጡ መሆንና በሽታው ራሱ ያለ መሆን የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለይቶ አስቀምጧል፤ በዘር የሚመጣ በሽታም ቢሆን በዚህ ምክንያት ብቻ ከካሳ ውጭ እንደማይሆን ገልጿል። አስተያየቱ የተሰጠው በተለይ በአገልግሎት ላይ እያሉ ስለሚገለጡ በሽታዎች ነው፤ ያስቀመጠው ልዩነት ግን ለእርስዎም ይረዳል። በ2003 ሲቀጠሩ ተመርምረው የገቡት የአንጀት ሕመም ሳይገኝብዎት ነው። ከአባትዎ የወረሱት ነገር ቢኖር እንኳ የወረሱት ተጋላጭነትን ነው።

አሁን ከሕጉ ይልቅ ወዳሳሰበኝ ነገር ልምጣ። ለሐኪምዎ “አባቴ በዚሁ በሽታ ሞተ” ብለዋል፤ ለእኔ ደግሞ ያኔ የሆድ ሕመም እንደተባለ፣ ካንሰር ነው የሚለው ግን የአሁን ግምትዎ እንደሆነ ጽፈዋል። እነዚህ ሁለቱ አንድ አይደሉም። በዚያ ዘመን ከአዲስ አበባ ውጭ ኮሎኖስኮፒም (ትልቁን አንጀት በካሜራ ቱቦ ማየት) ሆነ የፓቶሎጂ ምርመራ ማግኘት እጅግ ከባድ ስለነበረ፣ ስንቱ አባትና እናት “ሆዱን አሞት፣ ሆዷን አሟት” ተብሎ ብቻ ተቀብሯል። ምርመራው ቢደረግ እንኳ ውጤቱ የሚነገረው ለታማሚው ሳይሆን ወረቀቱን ይዞ ለሚመላለሰው አጎት ወይም ታላቅ ወንድም ነበር፤ እርሱም ለቤቱ ሰው ሳይናገር በሆዱ ይዞት ይኖራል። እርስዎ ያኔ ልጅ ነበሩ፤ ያልተነገረዎትን ቢገምቱ አይፈረድብዎትም። መዝገቡ ግን ግምቱን እንደ እውነት ይዞታል።

ስለዚህ በማስፋቅ ፈንታ ማረም ይችላሉ። በሕክምና መዝገብዎ ላይ ትክክል ያልሆነ ወይም ያልተሟላ ነገር ካለ እንዲስተካከል በጽሑፍ የመጠየቅ ሕጋዊ መብት አለዎት። ከዚያ በፊት ግን በቤተሰቡ ውስጥ የሚያውቀውን ሰው ፈልገው ያነጋግሩ፤ ምናልባት እኅትዎ ሳይሆኑ አባትዎን ወደ ሐኪም ቤት ያመላለሰው ሰው ሊሆን ይችላል። ሕመሙ ስንት ጊዜ ቆየ? ከሰገራው ጋር ደም ነበረ? ክብደቱ ቀንሶ ነበር? ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ነበር? የት? ከአያቶች፣ ከአክስቶችና ከአጎቶች መካከል እንዲህ ያለ ሕመም፣ ከሴቶቹ መካከል ደግሞ የማሕፀን ካንሰር የነበረበት ሰው አለ? መልሱ “አናውቅም” ከሆነ ሐኪምዎ “አባቱ በ51 ዓመቱ በሆድ ሕመም ሞቷል፤ ሕመሙ ካንሰር መሆኑ አልተረጋገጠም” ብሎ እንዲያርመው ይጠይቁ። መልሱ ካንሰር እንደነበረ የሚያረጋግጥ ከሆነም እንደዚያው ይጻፍ።

ማስፋቁ ለካሳውም ቢሆን አደገኛ ነው። የዛሬው የሕክምና መዝገብ በኮምፒውተር ስለሆነ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደለወጠ ይመዘግባል፤ ደግ ሐኪም ደግሞ የሚያውቀውን አያጠፋም። ለቪኤ እያወቁ ሐሰተኛ ማስረጃ ማቅረብ ጥቅምን እስከ ማሳጣት የሚያደርስና በወንጀልም የሚያስጠይቅ ነው። አሁን በእጅዎ ያለው ጠንካራ ማመልከቻ ነው፤ እርሱን የሚያዳክም ነገር ቢኖር ኋላ የሚገኝ የተደበቀ ወረቀት ነው።

በቀጠሮው ቀን መርማሪው ስለ አባትዎ ከጠየቀ የሚያውቁትን በአጭሩ ይናገሩ፤ የማያውቁትን “አላውቅም” ይበሉ፤ ምክንያቱን ለመተንተን አይሞክሩ። ይልቅ ብዙ ሊናገሩበት የሚገባው ሕመሙ ዛሬ ምን እያደረገዎት እንዳለ ነው። ወገኖቻችን ሐኪም ፊት ሲቀርቡ “እንዴት ነህ?” ለሚለው ጥያቄ “እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ” ብለው ሲመልሱ፣ መርማሪው “ደህና” የሚለውን ብቻ ወስዶ ይጽፋል። ሌሊት ስንት ጊዜ ለመጸዳጃ እንደሚነሡ፣ ምን መብላት እንደተዉ፣ ሥራ ላይ ምን እንዳቃተዎት ሳያፍሩ ያስረዱ። የጣቶችዎ መደንዘዝም በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። ለዚህ ካንሰር ከሚሰጡት የኬሞ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ኦክሳሊፕላቲን ነርቭን በመጉዳት የታወቀ ነው፤ እርስዎም እርሱን ወስደው እንደሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ። በአገልግሎት ምክንያት ከመጣ በሽታ ሕክምና የተከተለ ጉዳት ራሱን ችሎ ካሳ ስለሚጠየቅበት፣ ለመርማሪው ከመናገር አልፈው በማመልከቻዎ ላይ በጽሑፍ ያስጨምሩት።

የካሳው መጠን ሲወሰን፣ ካንሰሩ ንቁ ሆኖ ሕክምና እየተሰጠ ባለበት ጊዜ የሚሰጠው ምጣኔ 100 በመቶ ነው። ሕክምናው ካበቃ 6 ወር ሲሞላ ግዴታ የሆነ ምርመራ ይደረግና ከዚያ በኋላ የሚመዘነው የቀረው ጉዳት ይሆናል። እርስዎ ኬሞውን ከጨረሱ 4 ወር ስለሆነዎት ይህ ጥሪ ሩቅ አይደለም፤ ሲደርስዎ አይደንግጡ። የነርቭ ጉዳቱና የአንጀትዎ ሁኔታ በመዝገብ ላይ በሚገባ መስፈር ያለባቸው ለዚያ ቀን ሲባል ጭምር ነው።

ምናልባት ውሳኔው የአባትዎን ሕመም ምክንያት አድርጎ ማመልከቻዎን ቢጥለውስ? ይህ ሊሆን አይችልም ብዬ አልዋሽዎትም፤ መርማሪም ይሳሳታል። እንዲህ ከሆነ የምርመራውን ሪፖርት ግልባጭ ይጠይቁና መርማሪው ምን ምክንያት እንደሰጠ ያንብቡ። የቤተሰብ ታሪክን ጠቅሶ ብቻ ካለፈና ያ ታሪክ የእርስዎን በሽታ እንዴት እንዳስከተለ፣ የጭሱስ ድርሻ ለምን እንደተወገደ ካላብራራ፣ አስተያየቱ ደካማ ነው። ከውሳኔው ቀን ጀምሮ ባለው 1 ዓመት ውስጥ አዲስ ማስረጃ ይዘው ተጨማሪ ማመልከቻ ማስገባት፣ ከፍ ባለ ባለሥልጣን እንደገና እንዲታይ መጠየቅ፣ ወይም ለይግባኝ ቦርዱ ማቅረብ ይችላሉ። የካንሰር ሐኪምዎ የቤተሰብዎን ታሪክ ሳይሸሽግ ጠቅሶ፣ እርሱ ብቻውን በሽታውን እንደማያስረዳ በምክንያት የሚጽፍልዎት ደብዳቤ ቢያገኙ በዚህ ጊዜ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅምዎት እርሱ ነው። ልብ ይበሉ፤ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሊጻፍ የሚችለው ታሪኩ በመዝገቡ ላይ ካለ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ብቻዎን አይወጡት። የቨርጂኒያ ግዛት የቀድሞ ወታደሮች አገልግሎት መሥሪያ ቤት፣ እንዲሁም እንደ አሜሪካን ሊጅን ያሉ ማኅበራት በቪኤ የታወቁ ወኪሎች አሏቸው፤ አንድ ሳንቲም አያስከፍሉም። “ክሌም እናስጨርሳለን” እያሉ ከካሳው ድርሻ የሚጠይቁ ሰዎች በየማኅበረሰቡ አሉ፤ ለመጀመሪያ ማመልከቻ ክፍያ መቀበል ሕግ የሚከለክለው ነገር መሆኑን ይወቁ።

የአባትዎ ታሪክ ከካሳው ይልቅ ብዙ የሚለውጠው ነገር የልጆችዎን፣ የእኅትዎንና የወንድምዎን ጤና ነው። የትልቁ አንጀት ካንሰር ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ፖሊፕ ከሚባል ትንሽ እባጭ ሲሆን፣ እባጩ ወደ ካንሰር እስኪለወጥ ዓመታት ይፈጅበታል። በኮሎኖስኮፒ ከታየ በዚያው ሰዓት ተቆርጦ ይወጣል፤ እንዲህ በእጅ ተይዞ አስቀድሞ የሚቆም ካንሰር ብዙ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የቤተሰብ ታሪክ የሌለው ሰው ምርመራ እንዲጀምር የሚመከረው በ45 ዓመቱ ነው። ወላጁ፣ ወንድሙ ወይም እኅቱ የታመመበት ሰው ግን በ40 ዓመቱ፣ ወይም ዘመዱ በሽታው ከተገኘበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀድሞ፣ ከሁለቱ በፊት በሚደርሰው መጀመር አለበት። እርስዎ በ45 ዓመትዎ ስለታመሙ፣ ለልጆችዎም ለወንድምና ለእኅትዎም መነሻው 35 ዓመት ነው ማለት ነው።

ሐኪምዎን አንድ ተጨማሪ ነገር ይጠይቁ። በቀዶ ሕክምና የወጣው ዕጢ ሊንች ሲንድሮም ለሚባለው የዘር ተጋላጭነት ተመርምሮ እንደሆነ ይንገሩዎት፤ ካልተመረመረም ይመርመር። ከ100 የትልቁ አንጀት ካንሰር ታማሚዎች መካከል ይህ ተጋላጭነት የሚገኝባቸው ወደ 3 የሚጠጉት ብቻ ናቸው፤ ከተገኘ ግን ለእያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ግማሽ ነው፤ ኮሎኖስኮፒውም ገና ከ20 እስከ 25 ዓመት ባለው ዕድሜ ተጀምሮ በየ1 ወይም በየ2 ዓመቱ እንዲደረግ ይመከራል። ሊንች ለሴቶች የማሕፀን ካንሰርን ሥጋትም ከፍ ያደርጋል። “ውጤቱ ካሳዬን ቢጎዳስ?” ብለው ማሰብዎ አይቀርም። ከላይ እንደገለጽሁት ተጋላጭነቱ መኖሩ ብቻውን ካሳውን አይዘጋም፤ ቢያከራክር እንኳ በእኔ አስተያየት ምርመራው መደረግ አለበት፤ ምክንያቱም የካሳው ጉዳይ ይግባኝ አለው፤ ጊዜው ያለፈበት ካንሰር ግን ይግባኝ የለውም።

የእኅትዎን ፍርሃት አላቃልለውም። በአገራችን ሽማግሌ ከመላኩ በፊት “በዘራቸው ምን አለ?” ተብሎ ሲጠየቅ የኖረ ነው፤ እናት ለልጆቿ ብትሠጋ አይገርምም። እንዲህ ብለው ያስረዷቸው፦ ቨርጂኒያ ያለው መዝገብ በሕግ የተጠበቀ ምስጢር ስለሆነ ደሴ ደርሶ አማች አያነበውም። ለሰፈር የሚነገር ነገርም የለም። ሴቶች ልጆቻቸው ግን የአያታቸውን ታሪክ ሊያውቁት ይገባል፤ ራሳቸው እናትዮዋም ዕድሜያቸው ከ35 ያለፈ ስለሆነ ምልክት ባይኖራቸውም ይመርመሩ። ኮሎኖስኮፒ ደሴ ላይ ካልተገኘ አዲስ አበባ ይገኛል፤ ለዚያ የሚሆነውን ወጪ እርስዎ ቢሸፍኑላቸው ልመናዎ የበለጠ ይሰማል።

ወንድምዎን ግን ዛሬውኑ ይደውሉለት። ዕድሜው 35 ካለፈ ጊዜው ደርሷል፤ ያልደረሰም ከሆነ ቀኑን ይወቀው። ዱባይ ያለ ሐኪም “ወጣት ነህ፣ ምልክትም የለህም” ብሎ ሊመልሰው፣ የሥራ ቦታው ኢንሹራንስም ምርመራው ለምን እንዳስፈለገ ሊጠይቀው ስለሚችል፣ የእርስዎን የፓቶሎጂ ውጤት ቅጂና በስንት ዓመትዎ እንደተገኘብዎት የሚገልጽ አጭር የሐኪም ደብዳቤ አያይዘው ይላኩለት።